ሚላኖ ስትመጡ ሊዮናርዶን እንዴት ታዩታላችሁ?

ሚላኖ ልትመጡ ካሰባችሁ የአውሮፕላን ትኬት በቆረጣችሁበት ቀን የቼናኮሎንም ትኬት ፈልጉ። ቼናኮሎ የሚሉት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የመጨረሻውን እራት የሣለበትን የገዳም መመገቢያ አዳራሽ ነው። ብዙ ሰው ስለ ትኬቱ የሚያስበው ከተማው ከገባ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቦታ አይገኝም። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይና ከቴል አቪቭ መጥተው የዱኦሞ ካቴድራል ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ ፖርታ ቬኔዚያ ሐበሻ ምግብ ቤት በልተው፣ ሥዕሉን ሳያዩ የተመለሱ ዘመዶች አሉኝ። እስካሁን ይቆጨኛል። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

እኔ እዚህ የምኖረው አዛውንት እየተንከባከብኩ ነው። አብሬያቸው የምኖረው ሲኞራ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የሥዕል አስተማሪ ነበሩ። ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ እረፍቴ ስለሆነ፣ እሳቸው አሁን ብዙ መሄድ ባይችሉም የት ሄጄ ምን እንደማይ ይነግሩኛል፤ ማታ ስመለስ ይጠይቁኛል። «ቆንጆ ነው» ብዬ ብመልስ አይለቁኝም። ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? የትኛው እጅ ምን ይዟል? ማን ወደ ማን ዞሯል? እንግዶቼን ይዤ ስዞር የማሳያቸው ከእሳቸው የተማርኩትን ነው።

ትኬቱ

ወደ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ከ40 ሰው በላይ አያስገቡም፤ የሚሰጣችሁም 15 ደቂቃ ነው። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሆነው አይደለም። የሰው ትንፋሽ፣ እርጥበትና ከልብስ የሚራገፍ አቧራ ሥዕሉን ስለሚጎዳው ነው። ከመግባታችሁ በፊት በተራ በሚከፈቱና በሚዘጉ የመስታወት በሮች ታልፋላችሁ፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም።

ትኬቱን ከሙዚየሙ የራሱ ድረ ገጽ ቀድማችሁ ግዙ። ትኬቱ የሚለቀቀው የብዙ ሳምንታቱ በአንድ ላይ ነው፤ ወዲያው ያልቃል። ሆኖም ረቡዕ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ለቀጣዩ ሳምንት ተጨማሪ ቦታ ይከፍታሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ በአውሮፓ በጋ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 8 ሰዓት ነው። እኔ ለዘመዶቼ የማገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ ስልኬን ይዤ ከሰዓቱ በፊት እጠብቃለሁ። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በነጻ ይገባሉ፤ ቢሆንም ለእነሱም ቦታ መያዝ ግድ ነው። የይፋው ትኬት ካለቀ በአስጎብኚ ድርጅት በኩል መግባት ይቻላል፤ ዋጋው ግን በጣም ይለያያል።

ሁለት ነገር ደጋግሜ አስጠነቅቃለሁ። ትኬቱ ላይ ስም ይጻፋል፣ በር ላይም መታወቂያ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስገቡ። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። 10:15 የሚል ትኬት ለእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብ ነው። ይህን ለአዲስ መጪ ዘመድ በጽሑፍም በስልክም መንገር ያስፈልጋል፤ ያመለጠ ሰዓት አይመለስም፣ ተራችሁ ካለፈ ከሚቀጥለው ቡድን ጋር አያስገቧችሁም። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ትልቅ ቦርሳ ውጭ ባለው ማስቀመጫ ይቀራል። ሰኞ ዝግ ነው።

ከፖርታ ቬኔዚያ የምትነሱ ከሆነ ቀዩን የሜትሮ መስመር ያዙና ኮንቺሊያዚዮኔ ውረዱ። ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀይ ጡብ ቤተ ክርስቲያን፣ ትልቅ ጉልላት ያለው፣ ታያላችሁ፤ ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራዚዬ ይባላል። የቼናኮሎ መግቢያ በስተግራ በኩል ያለው ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው።

ቤታችሁ ካለው ሥዕል ጀምሩ

ይህ ሥዕል በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት አለ፤ በፍሬም ሆኖ፣ በግድግዳ ምንጣፍ ላይ ተሠርቶ ወይም ካላንደር ላይ ታትሞ። ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ፊቱ ቁሙ። በአዳራሹ ውስጥ ያለው 15 ደቂቃ ሐዋርያትን በስም ለመለየት አይበቃም፤ ያንን ቤት ጨርሱት።

በመጀመሪያ የተሣለው የትኛው ቅጽበት እንደሆነ ያዙ። ጌታ «ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል» ካለ በኋላ ያለችው አፍታ ናት። ቃሉ ከመሃል ተነሥቶ ወደ ሁለቱም ጫፍ ሲደርስ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይደነግጣል። ሊዮናርዶ 12ቱን ሐዋርያት ሦስት ሦስት አድርጎ ከፍሏቸዋል። ከግራችሁ ስትጀምሩ በርተሎሜዎስ፣ ታናሹ ያዕቆብና እንድርያስ ናቸው፤ ቀጥሎ ይሁዳ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ። ከጌታ በኋላ ቶማስ፣ ታላቁ ያዕቆብና ፊልጶስ ይመጣሉ፤ በቀኙ ጫፍ ማቴዎስ፣ ታዴዎስና ስምዖን አሉ። እንድርያስ ሁለት መዳፉን ከፍቶ ወደ ፊት አድርጓል። ቶማስ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሯል። ፊልጶስ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ «እኔ እሆንን?» የሚል ይመስላል። በቀኝ ጫፍ ያሉት ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ፤ የማቴዎስ ሁለት እጆች ግን ወደ መሃል ያመለክታሉ።

አሁን ይሁዳን ፈልጉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ጻድቃን ግን ሁለት ዓይናቸው ወደ እኛ ነው። በፍሎሬንስ የነበሩት ሠዓሊዎች ደግሞ ይሁዳን ከሌሎቹ ለይተው ከጠረጴዛው ወዲህ፣ በእኛ በኩል ብቻውን ያስቀምጡት ነበር። ሊዮናርዶ ሁለቱንም አላደረገም። በጎን የሚታዩ ሌሎችም አሉ፤ ይሁዳም ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ረድፍ ተቀምጧል። የሚለየው ወደ ኋላ በመሸሹና ፊቱ ላይ ጥላ በማረፉ ነው። ቀኝ እጁ ከረጢት ጨብጧል። ግራ እጁ ወደ ወጭቱ ተዘርግቷል፣ የጌታ ቀኝ እጅም ወደዚያው።

ይህን የመጨረሻውን ያሳየችኝ አክስቴ ናት። ወንጌሉን በቃሏ የምታውቅ ሰው ነች፤ ስለ ሥዕል አሠራር ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ እኔ ስለ ጣሪያው መስመሮች ሳስረዳት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«እጃቸውን አየሽው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የማንን፣ እትዬ?»

«የጌታንና የይሁዳን። ሁለቱም ወደ አንድ ወጭት ነው የሚሄዱት። ገና አልነኩትም።»

በሁለቱ እጆች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ጠባብ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ደጋግሜ አይቼው ያንን ክፍተት አላስተዋልኩትም ነበር። ማታ ለሲኞራ ስነግራቸው አክስቴን ቤት አምጥቼ ቡና እንድንጠጣ ጠየቁኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ቤታችሁ ባለው ሥዕል ላይ ፈትሹ፤ ከጠረጴዛው ሥር የጌታ እግር ይታያል? የሚታይ ከሆነ የታተመው ከዋናው ሥዕል ሳይሆን ከጥንት ቅጂዎች ወይም ከቅጂ ቅጂ ነው። በዋናው ላይ እግሩ የለም። በ1652 (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መነኮሳቱ ወደ ማዕድ ቤት የሚያሳልፈውን በር ከፍ ለማድረግ ግድግዳውን ቆርጠው ሥዕሉን ሸረፉት። በሩ ኋላ ተደፈነ፣ ቅርጹ ግን እስከ ዛሬ አለ።

15ቱን ደቂቃ እንዴት ትጠቀሙበት

ስትገቡ ሁሉም ወደ ሥዕሉ ይሮጣል። እናንተ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ወደ አዳራሹ ጫፍ ሂዱና ጀርባችሁን ለሩቁ ግድግዳ ሰጥታችሁ ቁሙ። ሥዕሉ ቁመቱ 4.6 ሜትር፣ ወርዱ 8.8 ሜትር ነው፤ ከቅርብ ሆኖ ሙሉውን መያዝ አይቻልም። ከሩቅ ስታዩት የተሣለው ክፍል መነኮሳቱ የሚበሉበት አዳራሽ ቀጣይ ይመስላል። የጣሪያው መስመሮች፣ የጎን ግድግዳዎቹ ጠርዝ፣ ሁሉም እየጠበበ ሄዶ የሚገናኘው የጌታ ቀኝ ዓይን አጠገብ፣ ግንባሩ ጫፍ ላይ ነው። ሊዮናርዶ እዚያ ነጥብ ላይ ሚስማር መትቶ ክር እየወጠረ እንደሠራ ይታወቃል፤ የሚስማሩ ቀዳዳ በእድሳቱ ጊዜ ተገኝቷል። በጥንት ሥዕል የምናውቀው የብርሃን አክሊል በማንም ራስ ላይ የለም። ከጌታ ራስ ጀርባ ያለው መስኮትና የውጩ ሰማይ ያንን ሥራ ይሠራሉ።

ከዚያ ብርሃኑን እዩ። በአዳራሹ በስተግራችሁ ከፍ ብለው እውነተኛ መስኮቶች አሉ። በሥዕሉ ውስጥም የቀኙ ግድግዳ የበራ፣ የግራው ጥላ ነው። ሠዓሊው ከእውነተኛው መስኮት የሚገባው ብርሃን ሥዕሉ ውስጥ ዘልቆ እንዲገባ አድርጎ ነው የሠራው።

አሁን ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። ፊቶቹ ደብዝዘዋል፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ረግፏል። ብዙ እንግዶቼ በዚህ ጊዜ ቅር ይላቸዋል፣ ካላንደሩ ላይ ያለው ይበልጥ ደማቅ ነውና። ቅር ከማለታችሁ በፊት ወደ ጠረጴዛው ልብሱ ውረዱ። የታጠፈበት መስመር፣ የጫፉ ሰማያዊ ጥለት፣ ዳቦዎቹ፣ በሳህን ላይ ያሉት የዓሣና የብርቱካን ቁርጥራጮች ይታያሉ። ይህ ሁሉ ለዘመናት ሌሎች በላዩ ቀብተውበት ተሸፍኖ ነበር። ፒኒን ብራምቢላ ባርቺሎን የምትባል ባለሙያ ከ20 ዓመት በላይ፣ እስከ 1999 ድረስ፣ በማጉያ መሣሪያ እያየች በጣም ጥቂት በጥቂት አጽድታ ነው ያወጣችው። የጠፋውን ቦታ እንደገና አልሣሉትም፤ ፈዘዝ ባለ የውኃ ቀለም ብቻ ዓይን እንዳይረብሽ አድርገው ተዉት። ስለዚህ ያያችሁት ጥቂት ነገር የራሱ የሊዮናርዶ እጅ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃዎች አስቀሩና ዙሩ። ከኋላችሁ ያለው ግድግዳ ላይ ዶናቶ ሞንቶርፋኖ በ1495 የሣለው ስቅለት አለ። ማንም አያየውም፣ ግን ሊዮናርዶ ላይ ምን እንደደረሰ የሚያስረዳው እሱ ነው። ሞንቶርፋኖ የሠራው በፍሬስኮ ነው፤ እርጥብ የኖራ ልስን ላይ በፍጥነት ይቀባል፣ ልስኑ ሲደርቅ ቀለሙ ከግድግዳው ጋር አንድ ይሆናል። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ደማቅ የሆነው። በዚያው ግድግዳ ታችኛ ማዕዘኖች ላይ ደግሞ ተንበርክከው የሚታዩ የሚላኖው መስፍን የሎዶቪኮ ስፎርዛ ቤተሰብ ምስሎች አሉ። ሊዮናርዶ ኋላ በደረቁ ግድግዳ ላይ እንደጨመራቸው ይነገራል፤ አሁን ጥላቸው ብቻ ነው የቀረው። በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለቱን አሠራር ጎን ለጎን ታያላችሁ።

ታዲያ ለምን ፍሬስኮ አልሠራም? ፍሬስኮ ስለሚያጣድፍ ነው። በልጅነቱ እዚያ ገዳም የነበረው ደራሲ ማቴዮ ባንዴሎ ሊዮናርዶ ሲሠራ ያየውን ጽፎታል። አንዳንድ ቀን ማለዳ መወጣጫው ላይ ወጥቶ ምግብና ውኃ ረስቶ እስኪመሽ ይሠራል። ሌላ ጊዜ ሦስት አራት ቀን ብሩሽ ሳያነሣ መጥቶ ቆሞ ብቻ ይመለከታል። አንዳንዴ በቀትር ፀሐይ ከሌላ ሥራው መጥቶ አንድ ሁለት ጊዜ ብሩሽ አሳርፎ ተመልሶ ይሄዳል። እንዲህ የሚሠራ ሰው እርጥብ ልስን አይጠብቀውም። ስለዚህ በደረቅ ግድግዳ ላይ በዘይትና በእንቁላል በተለወሰ ቀለም ሠራ፤ ከ1495 ገደማ እስከ 1498። እርጥበቱ ግን ግድግዳው ውስጥ ነበረ። እሱ ራሱ በሕይወት እያለ ቀለሙ መነሣት ጀመረ፤ በ1566 ያየው፣ የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ቫሳሪ የተቀላቀለ ነጠብጣብ ብቻ እንደሆነ ጽፏል። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች በጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ቀለሙን ከግድግዳው እርጥበት በጥቂቱም ቢሆን እንዳራቁት እዚህ ቆሜ ነው የገባኝ።

በኋላ የናፖሊዮን ወታደሮች አዳራሹን ለፈረስና ለድርቆሽ ተጠቀሙበት። በነሐሴ 1943 ሚላኖ በቦምብ ስትደበደብ የአዳራሹ ጣሪያና አንድ የጎን ግድግዳ ፈረሰ። ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ በአሸዋ ከረጢትና በእንጨት ተደግፎ ስለነበር ቆሞ ቀረ። ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ሊዮናርዶ ሥዕል ዞራችሁ በቀኝ በኩል ያለውን ግድግዳ እዩት፤ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው።

ከቼናኮሎ በፊት አምብሮዚያናን እዩ

ሁለት ቀን ካላችሁ የመጀመሪያውን ለአምብሮዚያና ስጡ። ከዱኦሞ በእግር ትደርሳላችሁ። ቤተ መጻሕፍትም የሥዕል ቤትም ነው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ሀብት መካከል በግእዝ የተጻፉ ብራናዎችም አሉ፣ ለጎብኚ የሚታዩ ባይሆኑም። ለእናንተ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ቬስፒኖ የሚባል ሠዓሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው የመጨረሻው እራት ቅጂ ነው። ካርዲናል ፌዴሪኮ ቦሮሜዮ ዋናው ሥዕል እየጠፋ መሆኑን አይተው ያሠሩት ነው። በዋናው ላይ የደበዘዙትን ፊቶች እዚህ በደንብ አጥንታችሁ ነገ ስትሄዱ ዓይናችሁ የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ሁለተኛው «ሙዚቀኛው» ነው። ሊዮናርዶ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ከሣላቸው ሥራዎች ሚላኖ ውስጥ የቀረው ይህ ብቻ ነው። ትንሽ ሥዕል ነው፤ ወጣት ሰው ቀይ ቆብ አድርጎ የዜማ ወረቀት ይዟል። ፊቱ ተጠናቋል፣ ልብሱና እጁ ግን ገና ናቸው። ዓይኖቹን ቀርባችሁ ተመልከቱ፤ የሁለቱ ብሌን መጠን እኩል አይደለም። ብርሃን ሲበዛ ብሌን እንደሚጠብ፣ ሲያንስ እንደሚሰፋ ሊዮናርዶ በማስታወሻው ላይ ጽፎ ነበር። ሥዕሉ ውስጥም ያንን የተጠቀመበት ይመስላል።

ሦስተኛው ኮዴክስ አትላንቲኩስ ነው፤ 1,119 ቅጠል የሊዮናርዶ ማስታወሻ። ማርሽ፣ ቦይ፣ መድፍ፣ የወፍ ክንፍ፣ የሒሳብ ቅርጽ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ የሚታዩት ጥቂት ገጾች ብቻ ናቸው፤ ሙሉው ግን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ስላለ ከመምጣታችሁ በፊት ክፈቱት። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ምስጢር ለመደበቅ ነው የሚል ብዙ ወሬ ትሰማላችሁ። ሊዮናርዶ ግራኝ ነበር፤ በግራ እጅ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጽፍ ሰው ያልደረቀውን ቀለም በእጁ አያበላሸውም። ለእኔ ይህ ይበቃኛል። ግራኝነቱን በሥዕሎቹም ታገኙታላችሁ፤ ጥላ ለመስጠት የሚያሰምራቸው ቀጫጭን መስመሮች ከላይ ከግራ ተነሥተው ወደ ታች ወደ ቀኝ ይወርዳሉ። በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው መስመሩን በተቃራኒው ነው የሚያጋድለው። አንድ ገጽ ስልካችሁ ላይ አውርዱና ምስሉን በመስታወት እንደሚታይ አድርጋችሁ ገልብጡት፤ ፊደሎቹ ወዲያው ይቃናሉ።

በዚሁ ስብስብ ውስጥ በ1482 ገደማ ከፍሎሬንስ ወደ ሚላኖ ሲመጣ ያኔ ከተማውን ይገዛ ለነበረው፣ ኋላም መስፍን ለሆነው ለሎዶቪኮ ስፎርዛ የተዘጋጀ የሥራ ማመልከቻ ረቂቅ አለ። ሊዮናርዶ ያኔ የ30 ዓመት ሰው ነበር። ተሸካሚ ድልድይ እሠራለሁ፣ መድፍ እሠራለሁ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ እሠራለሁ፣ ውኃ ከቦታ ወደ ቦታ እመራለሁ እያለ ይዘረዝራል። መሣል እንደሚችል የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ሥራ ፍለጋ አገር ለቀን የወጣን ሰዎች ይህን ደብዳቤ ስናነብ ቶሎ ይገባናል፤ አሠሪው የሚፈልገውን ያስቀድማል። ሊዮናርዶ የኖታሪ (የውል አዋዋይ) ልጅ ነው፣ ግን ወላጆቹ ስላልተጋቡ የአባቱን ሙያ መውረስ አይችልም ነበር። የላቲን ትምህርትም በልጅነቱ አላገኘም። የተማረው በፍሎሬንስ በሠዓሊውና በቀራፂው በቬሮኪዮ የእጅ ሥራ ቤት ቀለም እየፈጨ፣ ነሐስ ሲቀልጥ እያየ ነው።

ልጆች ካሏችሁ

የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየሙ በሊዮናርዶ ስም ይጠራል፤ አረንጓዴው ሜትሮ ሳንት አምብሮጆ አጠገብ ነው። ከሥዕሎቹ ተነሥተው የተሠሩ የእንጨት ሞዴሎች አሉበት፤ ክንፎች፣ ክሬኖች፣ የጦር መሣሪያዎች። ልጆቹ ይወዱታል፣ እኔም እወደዋለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሞዴሎቹን የሠሯቸው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ባለሙያዎች ናቸው። «ሊዮናርዶ ሄሊኮፕተር ፈለሰፈ፣ ታንክ ፈለሰፈ» የሚባለው ሕፃናትን ያሳስታል። እሱ የሠራው ሥዕልና ሐሳብ ነው፤ በሰው ጡንቻ የሚበር ክንፍ ለዓመታት አስቦ፣ የአእዋፍን በረራ አጥንቶ፣ አልበረረም። ሕፃናቱ የሚማሩት ከዚያ ጥናት ነው፤ አንድ ሞዴል መርጠው እጀታው ሲዞር የትኛው ማርሽ የትኛውን እንደሚያዞር በጣታቸው እየተከተሉ ይንገሯችሁ። የስፎርዛ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ሊዮናርዶ ዛፎች የሣለበት ክፍል ደግሞ ለረጅም ጊዜ እድሳት ላይ ስለቆየ፣ ለእሱ ብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት መከፈቱን ጠይቁ።

በሥራ ላይ የዋለ ነገሩን ለማየት የምወስዳቸው ሌላ ቦታ ነው። አረንጓዴውን መስመር ይዛችሁ ሞስኮቫ ውረዱና ወደ ሳን ማርኮ መንገድ ሂዱ። እዚያ ኢንኮሮናታ የሚባለው የጥንት የጀልባ መተላለፊያ አለ። ቦዩ ደርቋል፤ ያረጁት የእንጨት በሮች ግን አሉ። ትኬት የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ብዙ ጊዜ ማንም የለም። የተሠራው በ1496 በሎዶቪኮ ዘመን፣ ሊዮናርዶ ከተማው ውስጥ እያለ ነው፤ የዚህ ዓይነት በሮችን ሥዕል በኮዴክስ አትላንቲኩስ ውስጥ ታገኛላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጀልባ ከዝቅተኛ ውኃ ወደ ከፍተኛ ውኃ እንዲወጣ በሁለት በሮች መካከል ይቆማል፤ ውኃ ሲሞላ ጀልባው አብሮ ከፍ ይላል። ችግሩ የላይኛው ውኃ በሩን የሚገፋበት ኃይል ነው። ሁለት እጃችሁን ጣት ለጣት ገጥማችሁ እንደ ጎጆ ጣሪያ አሹሏቸው፤ ሹሉን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሩት። በሮቹ እንደዚያ ነው የሚገጥሙት። ውኃው በገፋ ቁጥር ሁለቱ ክንፎች ይበልጥ ይጣበቃሉ፤ መዝጊያ አያስፈልጋቸውም። ለመክፈት ደግሞ በትልቁ በር ሥር ትንሽ መስኮት አለች። እሷ ተከፍታ ውኃው በሁለቱም በኩል እኩል ሲሆን ትልቁ በር በቀላሉ ይከፈታል። የፓናማ ቦይ አሮጌዎቹ በሮች ዛሬም የሚዘጉት በዚሁ ዓይነት ማዕዘን ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ሳን ሲሮ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ሂዱ፤ ሐምራዊው የሜትሮ መስመር ያደርሳችኋል። ከ7 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የነሐስ ፈረስ ቆሟል። ሊዮናርዶ ለሎዶቪኮ አባት መታሰቢያ ግዙፍ ፈረስ ከነሐስ ሊሠራ ዓመታት ደክሞበት፣ በ1493 የሸክላውን ሞዴል ለሕዝብ አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት የተሰበሰበው ነሐስ ለመድፍ ተወሰደ። በ1499 ፈረንሳዮች ከተማውን ሲይዙ ቀስተኞቻቸው ሞዴሉን ዒላማ አድርገው አፈራረሱት፤ ሊዮናርዶም ሚላኖን ለቆ ወጣ። አሁን ያለው ፈረስ አሜሪካዊቷ ቀራፂ ኒና አካሙ ሠርታ ልክ ከ500 ዓመት በኋላ በ1999 የቆመ ነው። የሊዮናርዶ ነው ብላችሁ አትመልከቱት። ዙሪያውን ዞራችሁ ከእግሮቹ አንዳንዶቹ ተነሥተው ሳለ ያን ያህል ነሐስ ማቆም ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡና፣ የፈረስ እግር ያጠናባቸውን ሥዕሎች ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ጅማቱን ከጅማቱ እያስተያያችሁ እዩ። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ብርሃኑ በጎን ሲመታው ጡንቻዎቹ ይበልጥ ይታያሉ።